ሰባት በቅሎ፣ ስምንት ጭነት

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ስልክሽን አስቀምጪና ጠጋ በይ። ይሄን ለሌላ ሰው ባወራው «ጉራዋን ትነዛለች» ነው የሚባለው። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ። ጉራ እነዛለሁ፣ ግን የምነዛው የሆነውን ነው።

ሥራ መጀመሬን ሰምተሻል አይደል? ጦር ሙዚየም። አትሳቂ! ፈተና አልቆ ውጤት እስኪመጣ ቤት ተጋድሜ ጣሪያ ከምቆጥር ይሻላል ብዬ ነው። ሥራዬ አቧራ ማራገፍ፣ መስታወት መወልወልና «መንካት ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ ራሱን የሚነካኩ ልጆችን መቆጣት ነው። አለቃችን እትዬ ቁልፍ ይባላሉ። ወገባቸው ላይ ያ ሁሉ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ሲራመዱ ሌላ ፎቅ ላይ ሆነሽ ትሰሚያቸዋለሽ። ለኛ ጥሩ ነው፤ ቁጭ ብለን ከሆነ ለመነሳት ጊዜ እናገኛለን።

ባለፈው ማክሰኞ የምድር ቤቱን መጋዘን እንዳጸዳ ላኩኝ። ድሩን በመጥረጊያ ገፍፌ ስገባ ጥግ ላይ የብረት ክምር አየሁ። ረጅም ብረት፣ አጭር ብረት፣ እንደ በር የሰፋ ብረት፣ ደግሞ ሁለት ጎማ።

«እትዬ፣ ይሄ ቆሻሻ ይጣል?»

«አፍሽን ያዢ፣ መድፍ ነው እሱ።»

«ይሄ? መድፍ?»

«የተራራ መድፍ። መኪና የማይደርስበት ቦታ እየፈቱ በበቅሎ ጭነው፣ ላይ ሲደርሱ ገጥመው የሚተኩሱት። ሕንፃ ስንቀይር ተፈቶ መጣ፣ መገጠሚያ ወረቀቱ መንገድ ላይ ቀረ። ይኸው ዓመቱን ሁሉ እዚህ ተኝቷል።» ከዚያ ተነፈሱ። «ሐሙስ ኮሚቴ ይመጣል። ሙሉ ሆኖ ያልቆመ ዕቃ ሁሉ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል ብለው ጽፈዋል። እንግዲህ ዕድሜው እስከ ሐሙስ ነው።»

እኔ መጥረጊያዬን ጣልኩ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አባባን ታውቂው የለ? የእናቴ አባት፣ ያሳደገኝ፣ ወለላ ብሎ የሚጠራኝ። በወጣትነቱ የተራራ መድፈኛ ነበር። ስለ ውጊያው ትንፍሽ አይልም። ስለ መድፏ ግን አንዴ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል! «ፍየል አይታ የምትመለስበት ገደል እኛ መድፍ አወጣንበት» ይላል። ሰፈሩ ያሾፍበታል። ጸጉር አስተካካዩማ ባየው ቁጥር «አባባ፣ ዛሬስ አውሮፕላን በአህያ አልጫናችሁም?» ነው የሚለው። አባባ አብሮ ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶ ያያል። አንድ ቀን፣ ለኔ ይሁን ለግድግዳው እንጃ፣ «ሳልሞት ቆማ ባየኋት» ሲል ሰምቻለሁ።

ፎቶውን ቤት ስትመጪ አይተሽዋል። የገደል መንገድ ላይ ሰባት በቅሎ ተሰልፎ፣ ከኋላ አባባና አንድ ጓደኛው ትከሻቸው ላይ እንጨት አጋድመው የሆነ ብረት ተሸክመው። እኔ ሁልጊዜ ለፎቶ ብለው ጉልበት እያሳዩ ይመስለኝ ነበር።

እና መጋዘኑ ውስጥ ሁለቱን ጎማ አፍጥጬ እያየሁ፣ ፎቶው ላይ ያለችው ሦስተኛዋ በቅሎ ትዝ አለችኝ። ግራና ቀኝ ጎማ የተንጠለጠለባት። አፌን ይዤ «ባለ ጉትቾዋ!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ቁልፍ ደነገጡ። «ምን ነከሰሽ?»

ልጅ ሆኜ፣ ጠዋት ጠዋት ጸጉሬን ሲያበጥርልኝ እንዳልጮህበት የሚነግረኝ ተረት ነበር። የሰባቱ በቅሎዎች ተረት። ጸጉሬን ታውቂዋለሽ፣ ሰባት በቅሎም አይበቃው። ተረቱ እንዲህ ነው፦ ሰባት በቅሎዎች ተራራ ጫፍ ደርሰው ማረፍ ፈለጉ። መጀመሪያ ዝምተኛዋ ቃል ሳትተነፍስ በቁመቷ ተዘረረች። ግትሯ መጥታ አናቷ ጋ አግድም ተጋደመች፤ ተነሺ ብትባል ሞቼ እገኛለሁ አለች። ባለ ጉትቾዋ ጉትቾዎቿን አውልቃ ለግትሯ ግራና ቀኝ አሰረችላት። ሞግዚቷ እላያቸው ላይ ወጥታ እቅፏን ዘረጋች። እዚህ ጋ አባባ ሁልጊዜ ያስለዋል። ከዚያ ኩሩዋ አንገቷን አስግጋ መጥታ ተኛች። ሐሜተኛዋ ጆሮዋ ሥር ገብታ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። መጨረሻ ላይ ዓይን አፋሯ መጥታ ሁሉንም በቀሚሷ ጋረደቻቸው።

በቃ። እኔ ተረት ሲመስለኝ ለካ መገጣጠሚያው ነው! ረጅሙ የኋላ እግር ዝምተኛዋ፣ የጎማው ዘንግ ግትሯ፣ ጎማዎቹ ጉትቾ፣ ከላይ የሚቀመጠው ማቀፊያ ሞግዚቷ፣ በርሜሉ ኩሩዋ፣ የበርሜሉ መዝጊያ ሐሜተኛዋ፣ እንደ በር የሰፋው መከለያ ዓይን አፋሯ። መድፈኞቹ ጭነቱን ሁሉ በተሸካሚዋ በቅሎ ስም ነው የሚጠሩት።

«እትዬ፣ እኔ እገጥመዋለሁ።»

«አንቺ? ጃንጥላ መክፈት ያቃተሽው ልጅ?»

«ጃንጥላው ነበር የተበላሸው!»

ተረቱን ነገርኳቸው። ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ አሰቡ። «ታዲያ አያትሽን ራሳቸውን ለምን አንጠይቅም?»

«አይሆንም። ቆማ ነው ላሳየው የምፈልገው፣ ድንገት። ደግሞ ተረቱን በእንቅልፍ ልቤም አልሳሳትም።»

ይቺን አረፍተ ነገር ያዢልኝ። ወደ በኋላ ታሳፍረኛለች።

ረቡዕ ስንሸከም ዋልን። ሌሎቹ ትልልቅ መድፎች ግቢ ውስጥ ዝናብ የሚመታቸው ለምን እንደሆነ ገባኝ። የኛ አዳራሽ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ጠባብ፣ መታጠፊያው እንደ ጠርሙስ አንገት። የኛዋ ግን ለገደል የተሠራች ናት፤ ደረጃ ምኗ ነው? ሰዎቹ በያጁ ጋሼና ሁለቱ ዕቃ አውራጆች ነበሩ። አውራጆቹን መንትዮቹ ነው የምንላቸው። አይዛመዱም፣ አንድ ዓይነት ጃኬት ስለሚለብሱ ነው። እያንዳንዱ ብረት አንድ በቅሎ የምትችለውን ያህል ይከብዳል፤ በእንጨት አንጠልጥለው እያንዳንዱ ደረጃ ላይ እኔን እየረገሙ ወጡ።

«አንቺ ልጅ፣» አለ አንደኛው መንትያ፣ ላቡን እየጠረገ፣ «በቅሎዎቹ ጡረታ ሲወጡ እኛን ተኩ ማለት ነው?»

«በቅሎ እንኳ እንዲህ አታጉረመርምም» አልኩት።

«በቅሎ ገለባ ይቀርብላታል እኮ!»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን። ኮሚቴው የሚመጣው አምስት ሰዓት ነው። እኔ መሀል ቆሜ እንደ ዳኛ እጄን እያወናጨፍኩ ተረቱን እላለሁ፣ እነሱ ያነሳሉ። ዝምተኛዋ ተዘረረች። ግትሯ አናቷ ጋ ልክክ አለች። ጎማዎቹ ሲገቡ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማን፤ አቤት ደስ ሲል! ሞግዚቷም ቦታዋን ያዘች። ሰዎቹ ራሳቸው ለመዱት። «ግትሯን ደግፋት!» «ሞግዚቷ ዘይት ትፈልጋለች!» እትዬ ቁልፍ በር ላይ ቆመው «ይቺ ልጅ እውነቷን ነው እንዴ» ሲሉ ሰምቼ አንገቴ በአንድ ክንድ ረዘመ። ለጭራሮ ፎቶ ላኩላት። ጭራሮን ታውቂያት የለ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የተቀመጠችውን። «በአንድ ሰዓት ውስጥ መድፈኛ ነኝ» ብዬ ጻፍኩላት።

ከዚያ ኩሩዋ መጣች።

አራቱ ሰዎች፣ እትዬ ቁልፍን ጨምሮ፣ በርሜሉን አንስተው ሞግዚቷ ላይ አስቀመጡት። አልተኛም። ወደ ግራ ተንከባለለ። እንደገና አነሱት፤ ወደ ቀኝ። ከሆዱ ሥር ያሉት ሁለት የብረት ጥርሶች የሚነክሱት ነገር አጥተው አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ገልብጠን ሞከርን፣ ዘይት ቀባን፣ በያጁ ጋሼ በመዶሻ ደበደበ። ወይ ፍንክች! ያኔ ነው ሁለተኛው መንትያ ግድግዳው ጥግ ያለውን በጣቱ ያሳየን።

«ያቺስ የማን ናት?»

ጥግ ላይ እንደ ረጅም ገንዳ ያለ፣ ሁለት ሐዲድ የተሠራበት ብረት ቁጭ ብሏል። ትናንት ከሌሎቹ ጋር ወጥቷል፣ መለዋወጫ ነገር መስሎኝ ንቄው ነበር። ተረቱን በልቤ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ደገምኩት። ሰባት በቅሎ። ብረቶቹን ቆጠርኩ። ስምንት ጭነት።

እንደገና ቆጠርኩ። ያው ስምንት።

«አራት ሰዓት አለፈ» አሉ እትዬ ቁልፍ። ቁልፎቻቸው ዝም ብለዋል፤ ሲፈሩ አይንቀሳቀሱም።

በያጁ ጋሼ ኮፍያውን ወደኋላ ገፋ። «መላ አለኝ። በርሜሉን እንደምንም አስተካክላችሁ ያዙልኝ፣ እኔ ሁለት ቦታ ላይ ብየዳ ጣል አደርጋለሁ። ኮሚቴ በዓይኑ እንጂ በእጁ አያይም። ያቺን ትርፏን ደግሞ ከመጋረጃው ኋላ።»

እትዬ ቁልፍ አላመነቱም ማለት አልችልም። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ገባ፣ ወጣ። «እንግዲህ ከመቅለጥ...» አሉ።

በያጁ ጋሼ መነጽሩን ሲያጠልቅ እኔ በርሜሉ ፊት ቆሜ ነበር። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

«ጋሼ፣ አትበይዳትም።»

«ልጄ፣ ዞር በይ፣ ይረጭብሻል።»

«ይርጭብኝ! ከተበየደች እኮ አትፈታም። የማትፈታ የተራራ መድፍ ምን ትባላለች? ግቢ ውስጥ ካሉት አንዷ ናት። አያቴ መጥቶ የተበየደች ሲያያት ምን ልለው ነው? እሱስ በዓይኑ ብቻ የሚያይ መሰለህ?»

በያጁ ጋሼ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። እኔም ራሴ ምን እንዳልኩ የሰማሁት ያኔ ነው። ስልኬን አወጣሁ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አይደል የሚባለው? ያ ሁሉ «ድንገት ላሳየው» የሚለው ኩራቴ እዚያው አለቀ።

«አባባ።»

«ወለላዬ፣ ምነው ድምፅሽ?»

«የተራራ መድፍ እየገጠምኩ ነው። ያንተን። በተረቱ። ኮሚቴ አምስት ሰዓት ይመጣል፣ ካልቆመች ያቀልጧታል፣ እና...»

አባባ በጣም ቀስ ብሎ «ኩሩዋ አልተኛም አለች?» አለኝ።

«አዎ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። በስልክ አይሆንም። መጥታችሁ ውሰዱኝ።»

ቤታችን ሩቅ አይደለም። የሙዚየሙ ፒክአፕ ስታመጣው ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ በር ላይ ቆሞ ነበር አሉ። ችግሩ ጉልበቱ ነው፤ ደረጃ አይወጣም። ደረጃው ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየ። መንትዮቹ ግን ተያዩ፣ ወንበር አመጡ፣ እንጨቱን በሥሩ አሳለፉና ብድግ!

«ይቺስ ጭነት የምን በቅሎ ናት?» አለ አንደኛው።

«የሽማግሌ በቅሎ፣» አለ አባባ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በአየር ላይ እየሄደ። «የግራው፣ እርምጃህን አሳጥር። መታጠፊያው ላይ የውጩ ይቀድማል፣ የውስጡ ይጠብቃል። እንደሱ! ድሮ ባገኝህ ኖሮ ሰው አደርግህ ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ አስቀመጡት። መድፏን አየና ዓይኑን ከሷ ሳያነሳ ተነስቶ፣ በከዘራው እየተደገፈ አለፋት። ወደ ጥጉ ሄደ። ያችን የተረሳችውን ብረት በመዳፉ ዳበሳት፣ እንደ እንስሳ አንገት።

«ወለላ» አለ።

«አቤት» አልኩ።

«አንቺን አይደለም።»

እትዬ ቁልፍ ዞረው አዩኝ።

«ስምንት ነበሩ፣» አለ አባባ። «ይሄ በርሜሉ ሲተኮስ ወደኋላ የሚንሸራተትበት አልጋው ነው። የወለላ ጭነት ነበር። በሞግዚቷና በኩሩዋ መሀል ነው የሚገባው። አንድ ቀን ገደሉ አፋፍ ላይ መንገዱ ተናደ። ጭነቷን አራግፈን ልንጎትታት ሞከርን። ጭነቱ ተረፈ፣ እሷ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ሙሉ እኔና ጓደኛዬ በትከሻችን ተሸከምነው።»

ፎቶው! ዓመታት ሙሉ ቁርስ ስበላ የማየው ፎቶ!

«ታዲያ ተረቱ ውስጥ ለምን የለችም?» አልኩት። «እዛ ጋ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚያስልህ?»

«አራት ዓመት ሲሆንሽ ከነስሟ ነገርኩሽ። 'እኔ ገደል ገባሁ' ብለሽ ሦስት ቀን አለቀስሽ፤ ማበጠሪያም አላስነካ አልሽ። ስለዚህ አወጣኋት። ለኔም ሳይቀለኝ አልቀረም።» ከዚያ ሰዓቱን አየ፣ ከዘራውን ወለሉ ላይ ደቃ! ድምፁ ተለወጠ። እንደዛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «በቂ ነው። ኩሩዋን አውርዱ! አልጋው ይነሳ! ሁለት ሰው ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ወለላ፣ አንቺ ሐዲዱን አስተካክይ፣ ጣትሽን ግን ጠብቂ!»

አልጋው ሞግዚቷ እቅፍ ውስጥ ገባ። በራሱ የገባ ነው የሚመስለው። ኩሩዋን አንስተን ሐዲዱ ላይ ስናሳርፋት ጥርሶቿ ነከሱ፣ አባባ «ግፉ!» አለ፣ ሽውውው ብላ ተንሸራትታ ጫፍ ላይ ቆመች። ኩሩ ስለሆነች ሌጣ እቅፍ ላይ አትተኛም ለካ፤ አልጋ ትፈልጋለች። ሐሜተኛዋ አፏን ዘጋች። ዓይን አፋሯ ቀሚሷን ዘረጋች። መንትዮቹ ተቃቀፉ። በያጁ ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና «እኔም ልበይዳት ነበር!» ብሎ ራሱን በጥፊ መታ።

አባባ ቆማ አያት። እኔ እሱን አየሁት።

ኮሚቴዎቹ ሲገቡ ሦስት ሰዎች ነበሩ። መሀለኛው፣ መነጽር ያደረገው፣ ፋይሉን ገልጦ «ይሄ የተፈታው መድፍ ነው?» አለ።

«የተገጠመው፣» አሉ እትዬ ቁልፍ፣ ቁልፎቻቸው እየጨፈሩ።

ሰውየው ቀረብ ብሎ በርሜሉን በእጁ ገፋ አደረገው። በያጁ ጋሼን ገላመጥኩት፤ ኮሚቴ በእጁ አያይም ነበር ያለው! በርሜሉ ሐዲዱ ላይ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ተመለሰ።

«ቀስ፣» አለ አባባ። «ኩሩ ናት።»

«ሁሉም ነገር አለ? የጎደለ የለም?»

አባባ እኔን አየኝ። እኔ ደረቴን ነፍቼ «ስምንት ጭነት፣ ስምንቱም በቦታቸው!» አልኩ። ሰውየው አባባ ላይ ጥቂት አፈጠጠ፣ ምን እንደገባው እንጃ፣ ፋይሉ ላይ «ሙሉ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። በቃ። መድፏ የትም አትሄድም። እትዬ ቁልፍ ደግሞ ከሥሯ የሚለጠፈውን ጽሑፍ እኔ እንድጽፈው አዘዙኝ፣ ስምንቱንም በስማቸው።

ፒክአፑ ላይ ስንመለስ ግን አልተውኩትም። «አባባ፣ እኔን በበቅሎ ስም ነው እንዴ የሰየምከኝ?»

«ታዲያ በማን ልሰይምሽ? በቅሎዋን የማውቃት እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ገደል እግሯ አንድ ቀን አላመለጣትም። መንገዱ ነው ያመለጣት። ደግሞ አልሄድም ካለች ጄኔራል ቢመጣ አትሄድም።»

ጸጉር አስተካካዩ ጋ ስንደርስ መኪናውን አስቁሞ በመስኮት ጠራው። «አንተ! ቅዳሜ ሙዚየም ና። አውሮፕላኗን አሳይሃለሁ!»

ቤት ገብቼ ለጭራሮ ደወልኩላት። ከተረቱ እስከ ብየዳው፣ በርሜሉ ፊት እንዴት እንደቆምኩ፣ የስሜን ነገር ሳይቀር አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እንባዋ የሚመጣ መስሎኝ ጠበቅኳት። የመለሰችልኝን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«እኔ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በቅሎ ነሽ እልሽ አልነበር? አያትሽ ሲሉ ነው የሚታመነው?»